የፀሐይ ነፋስ ፍጥነትና የፀሐይ ኮሮና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትልክልን። ከውጫዊ ከባቢዋ፣ ከኮሮና፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚወጣ ነፋስ አለ። ብዙ ሰው «በጣም የሞቀው የኮሮና ክፍል በጣም ፈጣኑን ነፋስ ይወልዳል» ብሎ ይገምታል። ሲለካ የተገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው። እኔንም በዚህ የትምህርት ዘርፍ ከሁሉ አብልጦ የሚማርከኝ ይኸው ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የፀሐይ ነፋስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከፀሐይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚፈስ ፕላዝማ ነው፤ ማለትም አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጡበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ። አብዛኛው ክፍሉ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ነው። ጥቂት በመቶ የሚሆን የሂሊየም ኒውክሊየስ፣ በጣም ጥቂት ደግሞ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉበት። የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክም አብሮ እየጎተተ ይሄዳል።

እጅግ ሳሳ ያለ ነገር ነው። ምድር አጠገብ ሲደርስ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኙት ፕሮቶኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሊቃውንቱ በሁለት ይከፍሉታል፤ በሰከንድ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው ዘገምተኛው፣ ከ700 በላይ የሚሄደው ደግሞ ፈጣኑ ነው። በመካከሉ ያለውን ወደ አንዱ መመደብ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ኮሮና የቱ የፀሐይ ክፍል ነው? ለምንስ በየቀኑ አናየውም?

በየቀኑ የምናየው ብሩህ ገጽ ፎቶስፌር ይባላል። ሙቀቱ 5,500 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። ከእሱ በላይ ክሮሞስፌር የሚባል ስስ ንብርብር አለ፤ ከዚያም በላይ ኮሮና ይጀምራል። እዚያ ሙቀቱ ዘሎ አንድ ሚሊዮን ዲግሪንና ከዚያ በላይ ይነካል። ከምንጩ እየራቀ የሚሄድ ነገር ይቀዘቅዛል ብለን የምንጠብቅ ሰዎች በመሆናችን ይህ ራሱን የቻለ እንቆቅልሽ ነው፤ የኮሮና መሞቅ ምሥጢር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ኮሮና ቢሞቅም በጣም ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ከፎቶስፌሩ ብርሃን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። በዓይን የሚታየው ጨረቃ ፎቶስፌሩን ጨርሳ ስትሸፍነው፣ በሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ የቀለበት ግርዶሽ ስለነበረ የቀረው የፀሐይ ጠርዝ ኮሮናውን በብርሃኑ ሸፍኖታል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግን ሙሉ ግርዶሽ ነው። የጥላው መንገድ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ የስፔንን ደቡብ፣ ሰሜን አፍሪካን፣ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ የመንንና ሶማሊያን ያቋርጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ነው የሚታየው። ጂዳ የምትኖሩ ግን ስድስት ደቂቃ ያህል ሙሉ ጨለማ ይኖራችኋልና ኮሮናውን በገዛ ዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የግርዶሽ መነጽር የሚወልቀው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ መሆኑን አደራ አትርሱ።

የፀሐይ ስበት ያን ያህል ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ነፋሱ እንዴት ያመልጣል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከፀሐይ ገጽ ተወርውሮ ለማምለጥ በሰከንድ 618 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ዘገምተኛው ነፋስ ምድር ሲደርስ እንኳ ይህን ያህል አይፈጥንም። ታዲያ እንዴት ወጣ?

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቢርማን የጅራታም ኮከቦችን ጅራት ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። ኮከቡ ወደየትም ይጓዝ፣ የጋዝ ጅራቱ ሁልጊዜ ፀሐይን ጀርባው አድርጎ ይዘረጋል። ስለዚህ ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚመጣ የቅንጣት ጅረት ይገፋዋል አለ። ሲድኒ ቻፕማን በበኩሉ ኮሮና ሙቀትን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ከምድር ምህዋር አልፎ ይዘረጋል ብሎ አሰላ፤ ነገር ግን ባለበት የቆመ አድርጎ ነበር ያሰበው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዩጂን ፓርከር ሁለቱን አስተያየቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ሲመለከት ሊታረቁ እንደማይችሉ ገባው። የቆመ ኮሮና ቢሆን ኖሮ በሩቁ የሚቀረው ግፊት በከዋክብት መካከል ያለው ስስ ጋዝ ሊገታው ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ኮሮና መቆም አይችልም፤ መፍሰስ አለበት።

በፓርከር ስሌት ነፋሱ ከታች ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ከፀሐይ ጥቂት ራዲየስ ርቀት ላይ የድምፅን ፍጥነት ያልፋል፣ ከዚያም እየፈጠነ ይሄዳል። ለጥያቄው መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ ቅንጣቱ እንደ ድንጋይ አንዴ ተወርውሮ አይተውም፤ በጉዞው ሁሉ ከኋላው የሚገፋው ግፊት አለ። ጽሑፉ በ1958 አስትሮፊዚካል ጆርናል ላይ ሲወጣ ሁለቱም ገምጋሚዎች ተቃውመውት ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ራሱ በሐሳቡ ባይስማማም በሒሳቡ ውስጥ ስሕተት ስላላገኘ እንዲታተም ፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ የሶቪየት የሉና መንኮራኩሮች በ1959 ቅንጣቶቹን አገኙ። በ1962 ደግሞ ወደ ቬኑስ ትጓዝ የነበረችው ማሪነር 2 ለወራት ለክታ ነፋሱ አንድም ጊዜ እንደማይቋረጥ አረጋገጠች።

ታዲያ ኮሮናው በሞቀ ቁጥር ነፋሱ ይፈጥናል ማለት ነው?

በፓርከር የመጀመሪያ ስሌት አዎ። እዚያ ነፋሱን የሚገፋው የሙቀት ግፊት ብቻ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነት ይጨምራል። አንድ ሚሊዮን ዲግሪ የሆነ ኮሮና ምድር አጠገብ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ነፋስ ይሰጣል፤ ይህም ከዘገምተኛው ነፋስ ጋር በደንብ ይገጥማል። በዚሁ መንገድ 750 ለማግኘት ግን ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን ነበረበት።

ሲለካ የተገኘው ሌላ ነው። ፈጣኑ ነፋስ የሚወጣበት የኮሮና ክፍል የኤሌክትሮን ሙቀት አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በአንጻሩ ዘገምተኛው ነፋስ የሚያያዝባቸው አካባቢዎች አንድ ሚሊዮን ተኩልና ከዚያ በላይ ይሞቃሉ። ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ፈጣኑን፣ ሞቃቱ ደግሞ ዘገምተኛውን ይወልዳል ማለት ነው። ስለዚህ ከሙቀት ግፊት ሌላ የሚገፋ ኃይል አለ፤ ከዚያም በላይ፣ ዋናው ጉዳይ ኃይሉ የት ቦታ ላይ እንደሚሰጥ ነው።

እኩል ነዳጅ የተሰጣቸው ሁለት የጭነት መኪናዎች አስቡ። አንደኛው ገና ከመነሻው ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ ስለዚህ እያዘገመ ይሄዳል። ሁለተኛው ቀለል ያለ ጭነት ይዞ ወጥቶ ነዳጁን ለፍጥነት ያውለዋል። በኮሮናም እንዲሁ ነው። ኃይል ከታች፣ ነፋሱ የድምፅን ፍጥነት ከማለፉ በፊት ሲሰጥ ብዙ ፕላዝማ ያነሣል፤ ነፋሱ ጥቅጥቅ ያለና ዘገምተኛ ይሆናል። ያን ነጥብ ካለፈ በኋላ ሲሰጠው ግን የሚጨምረው የነፋሱ ብዛት ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። በየካሬ ሜትሩ የሚሸከሙት ጠቅላላ ኃይል፣ ከፀሐይ ስበት ለመውጣት የሚወጣውን ጨምረን ስናሰላው፣ በሁለቱም ነፋሶች ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። ፈጣኑ ስስ፣ ዘገምተኛው ወፍራም የሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ከዚያ ነጥብ በላይ ለፈጣኑ ነፋስ ኃይል የሚያቀብለው ማን ነው? ዋናው ተጠርጣሪ በመግነጢሳዊ መስመሮች ላይ የሚጓዘው የአልቬን ሞገድ ነው፤ ስያሜውን ያገኘው ከስዊድናዊው ሃኔስ አልቬን ነው። ሞገዱ እየተጓዘ ፕላዝማውን ይገፋል፣ ሲበተንም ያሞቀዋል። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል በልኩ ይያዘው፦ ቀዝቃዛ ያልናቸው ኤሌክትሮኖቹን ነው። በ1995 መጨረሻ የመጠቀችው ሶሆ መንኮራኩር በነዚሁ አካባቢዎች የኦክስጅን አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጡ የኦክስጅን አተሞች፣ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሞቀው አግኝታለች። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ ኤሌክትሮኑ አንድ ሚሊዮን፣ አዮኑ መቶ ሚሊዮን! ይህን የመሰለ ልዩነት ተራ ሙቀት አያመጣውም፤ የሞገድ ሥራ ለመሆኑ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱም ይኸው ነው።

የኮሮና ቀዳዳ የሚባለው ምንድን ነው?

የፈጣኑ ነፋስ መውጫ ነው። አብዛኛው የኮሮና መግነጢሳዊ መስመር ከፀሐይ ወጥቶ፣ ቀስት ሠርቶ፣ ተመልሶ ፀሐይ ውስጥ ይገባል። በእነዚህ ዝግ ቅስቶች ውስጥ የታሠረ ፕላዝማ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል፣ ይሞቃል፣ በኤክስሬይና በአልትራቫዮሌት ደምቆ ይታያል። በአንዳንድ ቦታ ግን መስመሮቹ ተከፍተው ወደ ጠፈር ይዘረጋሉ። እዚያ የሚገባው ኃይል ነፋሱን ይዞ ይወጣል እንጂ ቆይቶ ኮሮናውን አያሞቅም። ስለዚህ አካባቢው ስስና ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል፤ በምስሉም ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ቀዳዳዎቹ ከፈጣኑ ነፋስ ጋር የተያያዙት በ1970ዎቹ፣ በሮኬትና በስካይላብ የጠፈር ጣቢያ የተነሡት የኤክስሬይ ምስሎች ምድር አጠገብ ከተለካው ፍጥነት ጋር ሲመሳከሩ ነው። ከዚያ በፊት በየ27 ቀኑ የሚመላለስ የምድር መግነጢሳዊ መስክ መናወጥ እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ ምንጩ ግን በፀሐይ ገጽ ላይ ቢፈለግ አልተገኘም። 27 ቀን ከምድር ሲታይ ፀሐይ አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተፈለገው ነገር ያልተገኘው ብሩህ ነገር ይፈለግ ስለነበረ ነው፤ ምንጩ ጨለማው ቦታ ሆኖ ተገኘ።

በ1990 የመጠቀችው ዩሊሲስ ደግሞ በጁፒተር ስበት ታግዛ ፕላኔቶች ፀሐይን ከሚዞሩበት ጠለል ወጥታ በፀሐይ ዋልታዎች ላይ አለፈች። በ1994 እና በ1995 ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ወቅት ያገኘችው ውጤት እጅግ ግልጽ ነበር፤ በዋልታዎቹ በኩል በሰከንድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ወጥ ነፋስ፣ በወገቧ ዙሪያ ብቻ ዘገምተኛና ተለዋዋጭ ነፋስ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፀሐይ በታወከችበት ዘመን ስትመለስ ግን ያ ሥርዓት ፈርሶ ሁለቱ ዓይነት ነፋሶች በየአቅጣጫው ተደባልቀው አገኘቻቸው።

የቀዳዳው ስፋት ፍጥነቱን ይወስናል?

በአመዛኙ አዎ፤ ትልቅ ቀዳዳ ፈጣን ነፋስ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚያገለግለው መለኪያ ሌላ ነው። ዪ ሚንግ ዋንግና ኒል ሺሊ በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ መግነጢሳዊ መስመሮቹ ከፀሐይ ሲርቁ በቀስታ ከተዘረጉ ነፋሱ እንደሚፈጥን፣ በፍጥነት ከተንሰራፉ ግን እንደሚዘገይ አሳዩ። በትልቅ ቀዳዳ መሐል ያሉት መስመሮች ቀስ ብለው ይከፈታሉ፤ በጠርዙ ያሉት ግን በሰፊው ይንሰራፋሉ። ዛሬ የአሜሪካ የጠፈር አየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል የሚጠቀምበት የነፋስ ፍጥነት ሞዴል የዚህ ግኝት ልጅ ነው።

ዘገምተኛው ነፋስ ከየት ይመጣል?

ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ነው ድንበሩ የሚያስቸግረው። ከቀዳዳዎች ጠርዝ፣ ከትናንሽ ቀዳዳዎች፣ መግነጢሳዊ መስካቸው ከበረታ ንቁ አካባቢዎች ዳርና በግርዶሽ ፎቶ ላይ ጫፋቸው ሾሎ ከሚታዩት ረጃጅም የኮሮና ዘርፎች አናት ይወጣል። አንዱ መንገድ ዝግ ቅስት ከክፍት መስመር ጋር ተገናኝቶ ሲቆራረጥና እንደገና ሲቀጠል፣ ታሥሮ የነበረው ፕላዝማ ማምለጡ ነው።

ነፋሱ ከሞቃት ወይም ከቀዝቃዛ ክፍል መነሣቱ በምን ይታወቃል?

በኦክስጅን። ይህ ዘዴ እጅግ ያማረ ነው። ኦክስጅን ስምንት ኤሌክትሮኖች አሉት። ኮሮና በሞቀ መጠን ብዙዎቹን ይነጥቀዋል። ነፋሱ ከፀሐይ ጥቂት ራዲየስ ሲርቅ በጣም ስለሚሳሳ አዮኖቹ ከኤሌክትሮኖች ጋር መጋጨታቸውን ያቆማሉ፤ የተነጠቁት ቁጥር ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ ምድር አጠገብ ያለች መንኮራኩር ሰባት ኤሌክትሮን ያጡትን ስድስት ካጡት ጋር አመዛዝና፣ ነፋሱ የተነሣበትን ቦታ ሙቀት ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ታውቃለች። በዘገምተኛው ነፋስ ውስጥ ሰባት ያጡት ይበዛሉ፤ በፈጣኑ ያንሳሉ። ዘገምተኛው ከዚህም ሌላ እንደ ብረት፣ ማግኒዥየምና ሲሊከን ያሉ ኤሌክትሮናቸውን በቀላሉ የሚያጡ ንጥረ ነገሮች በዝተው ይገኙበታል፤ ይህም በዝግ ቅስቶች ውስጥ ቆይቶ የመጣ ፕላዝማ ምልክት ነው።

በፓርከር ስም የተሰየመችው መንኮራኩር ምን አዲስ ነገር አመጣች?

ኦገስት 12 ቀን 2018 ስትመጥቅ ፓርከር በ91 ዓመቱ በቦታው ተገኝቶ አይቷታል። ኤፕሪል 28 ቀን 2021 ከፀሐይ 13 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የአልቬን ወሰን የሚባለውን ተሻገረች። ከዚያ ወሰን በታች ፕላዝማው ገና በመግነጢሳዊ መስኩ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ሞገድም ወደ ፀሐይ ሊመለስ ይችላል። ከወሰኑ በላይ ነፋሱ ከሞገዱ ስለሚፈጥን መመለስ የለም። በሌላ አነጋገር፣ የሰው ልጅ የሠራው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሮና ውስጥ ገባ። ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ደግሞ ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ አለፈች፤ ከካርቦን የተሠራውና 11.4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጋሻ መሣሪያዎቿን ጠብቆላታል።

ስለ ፍጥነት ሁለት ነገር አስተምራናለች። በ2023 የወጣው ጥናት በኮሮና ቀዳዳ ሥር ክፍትና ዝግ መስመሮች ተቆራርጠው ሲቀጣጠሉ ፈጣኑን ነፋስ እንደሚያስነሡ የሚጠቁም ማስረጃ አቀረበ። በ2024 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በፌብሩዋሪ 2022 እሷና የአውሮፓ ሶላር ኦርቢተር በአንድ መስመር ላይ በዋሉበት ጊዜ የተገኘውን መረጃ ተጠቀመ። ያው የነፋስ ጅረት መጀመሪያ ኮሮና ዳር፣ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ወደ ቬኑስ ምህዋር አካባቢ ተለካ። በመንገድ ላይ ፈጥኖ ነበር፤ ሊቀዘቅዝ የሚገባውን ያህልም አልቀዘቀዘም። የአልቬን ሞገዱ ያጣው ኃይል ለዚህ ልዩነት የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። ለአሥርተ ዓመታት በተጠርጣሪነት የቆየው ሞገድ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ይቻላል።

በምስል ላይ ጥቁር ቀዳዳ አየሁ፤ ነፋሱ መቼ ይደርሰናል?

ቀዳዳው በፀሐይ መሐል ላይ ሲሆን ቆጠራ ጀምሩ። በሰከንድ 750 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ምድር ለመድረስ ከሁለት ቀን ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ 400 የሚሄደው ደግሞ ከአራት ቀን በላይ። ቀዳዳው በዋልታው አካባቢ ብቻ ከሆነ ነፋሱ ከእኛ በላይ ወይም በታች ሊያልፍ ይችላል። ከ27 ቀን በኋላ ቀዳዳው ሳይዘጋ ከቆየ እንደገና ይጎበኘናል።

ይህ ከፀሐይ ማዕበል ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የፀሐይ ነፋስ ሁልጊዜ ይነፍሳል። የፀሐይ ማዕበል የሚያስነሣው የኮሮና ፍንዳታ ግን በአንድ ጊዜ ተፈንቅሎ የሚወጣ ግዙፍ የፕላዝማ ክምር ነው፤ አንዳንዱ በሰከንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በሜይ 2024 የሰሜን ብርሃን፣ ማለትም በዋልታ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚታየው የዋልታ ብርሃን፣ ከለመደው አካባቢ እጅግ ወርዶ እንዲታይ ያደረገው እንዲህ ያለ ተከታታይ ፍንዳታ ነበር። ከቀዳዳ የሚመጣው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ መለስተኛ መናወጥ ነው የሚያስነሣው፤ ነገር ግን ለቀናት ይቆያል። ስዊድን፣ ኖርዌይ ወይም ሚኒሶታ ለምትኖሩ የሰሜን ብርሃን ማየት ከፈለጋችሁ ቀዳዳዎቹን መከታተል ይጠቅማችኋል።

ኢትዮጵያ ላይ የሚያመጣው ነገር አለ?

ጤና ላይ ጉዳት አያደርስም፤ የምድር መግነጢሳዊ መስክና ከባቢ አየር ይጠብቁናል። የዋልታ ብርሃንም በእኛ ሰማይ አይጠበቅም። ሆኖም መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎም በቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ነፋሱ መግነጢሳዊ መስኩን ሲያናውጥ ይህ ጅረት ይለዋወጣል፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የላይኛው ከባቢ አየር፣ የአዮኖስፌር፣ መረበሽም የጂፒኤስን ትክክለኛነት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚገኝ ልኬት ለዓለም ሳይንስ ብርቅ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ መቆየቱም የሚያኮራ ነው።

ፀሐይ በነፋሱ አታልቅም?

አታልቅም። በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ታጣለች። በዚሁ መጠን ከተወለደችበት ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ጀምሮ ብናሰላው እንኳ ከክብደቷ አንድ አሥር ሺሕኛ ገደማ ነው። በብርሃን መልክ የምታጣው ከዚህ ይበልጣል።

የዛሬውን ፍጥነት የት ማየት እችላለሁ? ምንስ ልመልከት?

የአሜሪካ የጠፈር አየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። የሚለኩት መንኮራኩሮች ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ ፀሐይ ቀርበው የቆሙ ስለሆኑ የምታዩት ነፋስ ገና አልደረሰንም፤ በሰከንድ 400 የሚሄድ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ይደርሳል።

አራት መስመሮችን አብራችሁ ተመልከቱ፦ ፍጥነት፣ ጥግግት፣ ሙቀትና መግነጢሳዊ መስክ። የቀዳዳ ነፋስ ሲመጣ ፍጥነቱ ከመውጣቱ በፊት ጥግግቱና መስኩ ከፍ ይላሉ፤ ፈጣኑ ከፊቱ ያለውን ዘገምተኛ ነፋስ እየደረሰበት ስለሚያጨናንቀው ነው። ከዚያ ጥግግቱ ይወድቃል፣ ፍጥነቱ ከ350 ተነሥቶ ወደ 600ና 700 ይወጣል፣ የፕሮቶኖቹ ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። መስኩ ወደ ደቡብ ሲዞር፣ ማለትም ቢዜድ የተባለው መስመር ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ነፋሱ ከምድር መስክ ጋር በቀላሉ ስለሚገናኝ ያኔ መናወጡ ይበረታል። አጠገቡ በ193 አንግስትሮም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) የተነሣውን የፀሐይ ምስል ክፈቱና ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት መሐል ላይ የነበረውን ጥቁር ቦታ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ታገኙታላችሁ።